«ባክቴሪያውን ግደሉ፣ ሆዳችሁ ይድናል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጨጓራና አንጀት ሕመም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ለእኔም ከተለያዩ ዘመዶቼ ደርሶኛል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሆዱን ለወራትና ለዓመታት የሚያመው ኢትዮጵያዊ ችግሩ የጨጓራ ባክቴሪያ ነው። ደም ይመርመር፤ ፖዘቲቭ ካለ መድኃኒቱን ይውሰድ። ካልተሻለው ይድገመው። እስከዚያው ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት) እና ተልባ አይለየው። ኢንዶስኮፒ (በአፍ ካሜራ አስገብቶ ጨጓራን ማየት) ገንዘብ ማባከኛ ነው፤ ተደርጎ ምንም ካልተገኘም ነገሩ ጭንቀት ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ «የምግብ አለመስማማት» ምርመራ ያስልክ። ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው ኪንታሮት ነውና አይደንግጥ።

ጸሐፊው ሰው ለመርዳት ብለው እንደጻፉት አምናለሁ። ጽሑፉ የተወደደውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆዱን የሚያመው ሰው ከክሊኒክ ክሊኒክ ሲንከራተት ይከርማል። በየሄደበት ተመሳሳይ ወረቀት፣ ተመሳሳይ ክኒን ይሰጠዋል። ቁርጥ ያለ መልስ ይናፍቃል። ይህ ጽሑፍ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጠው። መልሱ ግን ለብዙዎቹ ትክክል አይደለም። ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ተገኘ ማለት የሕመሙ ምክንያት ተገኘ ማለት አይደለም። የጽሑፉ ስሕተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለማየት የመጡ ናቸው።

«ደም ተመርመሩ፤ ፖዘቲቭ ከሆነ በሽታችሁ ታወቀ» ከሚለው ልጀምር።

ባክቴሪያው፣ ማለትም ኤች ፓይሎሪ፣ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ድሮ የጨጓራ ቁስለት የጭንቀትና የአሲድ ውጤት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ባክቴሪያውን ከታካሚዎች ጨጓራ ወስደው በላብራቶሪ አሳደጉት። የሚያምናቸው ሲያጡ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ ጨጓራውም ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ1994 ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ስለዚህ ባክቴሪያው በትክክል ከተገኘ ይታከም። በዚህ ክርክር የለንም።

ክርክሩ የሚነሣው ቀጥሎ ነው። በአገራችን የተሠሩ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ ባክቴሪያው ከተመረመረው ሰው በግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። በዕድሜ ዘመናቸው ቁስለት የሚይዛቸው ከ10 አንዱ ያህል ናቸው። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው አውርደን ብንመረምር ግማሹ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የሐሞት ጠጠር ቢኖርባት፣ እሷም ፖዘቲቭ የመባል ዕድሏ ከሌላው እኩል ነው። መድኃኒቱን ትወስዳለች። ጠጠሩ እዚያው ይቀመጣል።

የደሙ ምርመራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት የታከመ ሰው ዛሬም ፖዘቲቭ ሊባል ይችላል። ባክቴሪያው አሁን መኖሩን የሚናገሩት የሰገራ አንቲጅን ምርመራና የትንፋሽ ምርመራ ናቸው። ኢንዶስኮፒ የሚደረግለት ሰው ደግሞ ከጨጓራው ናሙና ይወሰድለታል። የሰገራው ምርመራ ቀላል ነው፤ ላብራቶሪው የሚሠራው የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ዝግጅትም አለው፤ ይህንን ጽሑፉ ጨርሶ አላነሣውም። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ከምርመራው በፊት ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለ4 ሳምንት መቆም አለባቸው። አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ ውጤቱ ነጻ ሊል ይችላል። ማቋረጡ ሐኪም እያወቀው ይሁን፤ በተለይ ቁስለት ደም አፍስሶበት የሚያውቅ ሰው በራሱ እንዳይተወው።

አሁን «ካልተሻላችሁ ድገሙት» የሚለውን እንየው። ብዙ ሰው የሚጎዳበት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሰውየው ሁለት አንቲባዮቲክና ኦሜፕራዞል ተሰጠው። ጨረሰ። ሕመሙ አልለቀቀውም። ተመልሶ ደም ተመረመረ። ከላይ ባልኩት ምክንያት አሁንም ፖዘቲቭ አለ። እንደገና ያንኑ መድኃኒት ወሰደ። አፉ መረረው፣ ሆዱ ተረበሸ፣ ተቅማጥ ጀመረው። «ባክቴሪያው ተላምዶኛል» ብሎ ሌላ ሐኪም ጋ ሄደ፤ እሱም ያንኑ ጻፈለት። እንዲህ እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ።

መላመድ የሚባለው ነገር በእርግጥ አለ። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የማይገድለው ኤች ፓይሎሪ በዓለም እየተበራከተ በመሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ መድኃኒት ከሚያስፈልጋቸው ባክቴሪያዎች መካከል መዝግቦት ነበር። ለዚህ መፍትሔው ግን ያንኑ ክኒን ደጋግሞ መዋጥ አይደለም። የመጀመሪያው ሕክምና በተሟላ ሁኔታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን፣ ይወሰዳል። ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ይረጋገጣል። ባክቴሪያው ካለ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ዓይነት ይለውጣል። ባክቴሪያው ጠፍቶ ሕመሙ ካለ ግን ትልቅ መረጃ ተገኝቷል ማለት ነው። ሕመሙ ከባክቴሪያው አልነበረም፤ ወይም ከእሱ ብቻ አልነበረም። ከዚህ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ መለወጥ አለበት። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚቀረው ይህ ነው። ጥያቄው ሳይለወጥ የክኒኑ ስም ብቻ ይለዋወጣል።

በ«ታይፎይድ»ና በ«አሜባ» ላይም የሚደርሰው ይኸው ነው። የታይፎይዱ የዊዳል ምርመራም አንቲቦዲ ፈላጊ ነው፤ በአንድ ጊዜ ውጤት ብቻ የወራት የሆድ መነፋት ታይፎይድ ሊባል አይገባም። በማይክሮስኮፕ የሚታየው አሜባም በሽታ የሚያመጣው ይሁን ጉዳት የሌለው መንትያው ብዙውን ጊዜ አይለይም። በየወሩ የአሜባ መድኃኒቱን ሜትሮኒዳዞል የሚውጥ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ጽሑፉ በመቀጠል ኦሜፕራዞልና ተልባ ይዛችሁ ቆዩ ይላል። ተልባውን አልቃወምም። አሰር አለው፤ ሆድ ድርቀት ላለበት ይረዳል። አብሽም ቢሆን ጠጥቶ ቀለል የሚለው ሰው ይጠጣ። የሚያሳስበኝ ኦሜፕራዞልን ያለ ምርመራና ያለ ቀጠሮ ለወራት መዋጥ ነው። መድኃኒቱ አሲድ ስለሚቀንስ የቁስለትን ሕመም ያስታግሳል። በጨጓራ ካንሰር መጀመሪያ ላይ የሚሰማውንም ያስታግሳል። ሰውየው ተሻለኝ ብሎ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ብዙ ሰው በአንድ እጁ ኦሜፕራዞል፣ በሌላው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይውጣል። ለወገቡ፣ ለጉልበቱ፣ ለራስ ምታቱ ከፋርማሲ ገዝቶ ማለት ነው። እነዚህ የሕመም ማስታገሻዎች ከኤች ፓይሎሪ ቀጥሎ ዋነኞቹ የጨጓራ ቁስለት ምክንያቶች ናቸው። ጸሐፊው በዚያ ሁሉ ገጽ አንድ ጊዜ እንኳን አላነሷቸውም።

አክስቴ ለዓመታት የጨጓራ ታካሚ ነበረች። ሕመሟ የሚነሣው ቅባት ያለው ነገር ስትበላ ነበር። በተለይ የበዓል ዶሮ ከበላች በኋላ፣ ሌሊት፣ በቀኝ ጎኗ ከጎድን አጥንቷ ሥር ይጀምርና ወደ ትከሻዋ ይወጣል። ይህን ለጠየቃት ሁሉ ትናገር ነበር። የጠየቃት ግን ጥቂት ሰው ነው። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ከልቡ አዳምጧት አልትራሳውንድ አዘዘላት። የሐሞት ጠጠር ነበር። አልትራሳውንድ ደግሞ ብዙ ቦታ የሚገኝ፣ ከኢንዶስኮፒ የሚረክስ ምርመራ ነው። የጎደለው መሣሪያ አልነበረም፤ የሚያዳምጣት ሰው ነው።

ስለ ኢንዶስኮፒ የተጻፈው ግማሽ እውነት አለው። ለብዙ ቤተሰብ ውድ ነው። ከአዲስ አበባና ከክልል ዋና ከተሞች ውጭ ማግኘትም ከባድ ነው። ሆዱን ያመመው ሁሉም አያስፈልገውም። የአደጋ ምልክት የሌለበት ወጣት በትክክለኛ ምርመራ ባክቴሪያው ተፈልጎ፣ ካለ ታክሞ፣ ለውጡ ቢታይ በቂ ነው። ነገር ግን «ማንም አያስፈልገው» ማለት ሌላ ነገር ነው። ሳይፈልግ ክብደቱ የቀነሰ፣ ደም ያነሰው፣ ያለማቋረጥ የሚያስመልሰው፣ ደም ያስመለሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ኢንዶስኮፒን ሊሸሽ አይገባም። (የብረት ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ይህም ለሐኪሙ ይነገር።) በዕድሜ ከገፉ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመሙ የጀመራቸውም እንዲሁ።

ምግብ አልዋጥ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ሳምንትም ሊቆይ አይገባም። መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ሾርባው አልወርድ ካለ ይህ «ጨጓራ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በአርሲና በባሌ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ በሐኪሞቻችን ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል። ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው ይህን ምልክት ይዞ ኦሜፕራዞል ሲሰጠው ማሰብ ያስጨንቀኛል።

አሁን ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ዐረፍተ ነገር ጋ ደርሻለሁ። «ኢንዶስኮፒው ንጹሕ ከሆነ በሽታ የለባችሁም፤ ጭንቀታችሁን ተዉ።»

ይህን የተባለ ሰው ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ያመዋል፤ ግን አያምህም ተብሏል። ቤተሰቡም ማመን ይተዋል። «ተመርምሮ ነጻ ነው እኮ» ይባላል።

ኢንዶስኮፒ የሚያየው የላይኛውን ክፍል ነው። የጉሮሮ ቧንቧን፣ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ። ከዚያ በታች ሜትሮች የሚረዝም አንጀት አለ። ሐሞት ከረጢት፣ ቆሽትና ጉበት በዚህ ካሜራ አይታዩም። የስኳር ሕመም ጨጓራን ሊያዘገይ ይችላል። የታይሮይድ ችግር ሆድ ያደርቃል ወይም ያስቀምጣል። ከ50 ዓመት በኋላ ሆዷ አዲስ መነፋት የጀመራት ሴት የእንቁላል ማፍሪያ (ኦቫሪ) ምርመራ ያስፈልጋታል። ኢንዶስኮፒው ንጹሕ ነው ማለት ከእነዚህ አንዱም የለም ማለት አይደለም።

ሁሉም ተፈልጎ ቁስልም እብጠትም ሲታጣም ሕመሙ ስም አለው። በጣም የተለመደው አይ ቢ ኤስ የሚባለው ነው። እንደ ጥናቱ መስፈርት ቢለያይም በዓለም ላይ ከ100 ሰው ከ4 እስከ 10 የሚሆነው አለበት። አንጀትና አእምሮ በነርቭ የሚነጋገሩበት መንገድ ይዛባል። አንጀት ከልክ በላይ ስሜተኛ ይሆናል፤ እንቅስቃሴውም ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ጭንቀት ያባብሰዋል እንጂ ሕመሙን ፈጠራ አያደርገውም። በከባድ ተቅማጥ ከታመሙ ሰዎች ከ10 አንድ ያህሉ ኢንፌክሽኑ ካለፈ በኋላ አይ ቢ ኤስ ይጀምራቸዋል። የምግብ መመረዝ በሚበዛበት አገር ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም።

አይ ቢ ኤስን ሐኪም የሚለየው ሌላ ሁሉ ስለጠፋ በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚሠራበት ሮም 4 የተባለ መስፈርት አለ። ባለፉት 3 ወራት በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን የሆድ ሕመም መኖር አለበት። ሕመሙም ከመጸዳዳት ጋር፣ ከሰገራው ድግግሞሽ ወይም ከቅርጹ ለውጥ ጋር ቢያንስ በሁለቱ የተያያዘ መሆን አለበት። ከጀመረም 6 ወር ያለፈው። ይህ ሁሉ የሚገኘው በመጠየቅ ነው። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል በወረቀት ያዙ። ምን በላችሁ? መቼ አመማችሁ? ከተጸዳዳችሁ በኋላ ቀለል ይላል ወይስ ይብሳል? ከእንቅልፍ ያነቃችኋል? የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የሕመም ማስታገሻውንም የባህል መድኃኒቱንም፣ አብራችሁ ጻፉ። የድሮ ወረቀቶቻችሁንም ያዙ። በአገራችን ወረፋ ሐኪሙ ጋ የምትቆዩት ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ይህ ወረቀት ትልቅ ሥራ ይሠራላችኋል።

ምግብን በተመለከተ ጸሐፊው በርበሬን ብቻ ወነጀሉ። በርበሬ የሚያባብስበት ሰው አለ። ግን የሆድ መነፋትን ካየን የበለጠ ተጠርጣሪው ከበርበሬው ጎን ያለው ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ። በእነዚህ ውስጥ ትንሹ አንጀት በደንብ የማይፈጫቸው ስኳሮች አሉ። ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያዎች ያብላሏቸዋል፤ ጋዝ ይፈጠራል። በሜልቦርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን ምግቦች ለጊዜው ቀንሶ አንድ በአንድ እየመለሱ የመሞከር ዘዴ አውጥተዋል፤ ብዙ የአይ ቢ ኤስ ታማሚዎችን ጠቅሟል። የእኛ የጾም ምግብ ከእነዚህ የተሠራ ነው። በጾም ወራት ሆዴ ይነፋል የሚል ሰው እውነቱን ነው። ለ55 ቀን የሁዳዴ ጾም ወተት ያልቀመሰ ሆድም በፋሲካ ማግስት ወተት ሲገባበት ሊረበሽ ይችላል። በአብዛኛው የዓለም አዋቂ የወተት ስኳርን የሚፈጨው ኢንዛይም ይቀንሳልና። ቂቤ ውስጥ ይህ ስኳር የለም ማለት ይቻላል፤ ዶሮ ወጡ ከከበደ ምክንያቱ ስቡ ነው።

ስንዴም አንድ ነገር ይባልለት። ሴሊያክ የሚባል፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚያስጎዳበት በሽታ አለ። ጤፍ ግሉተን የለውም። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ሲበላ ደኅና ሆኖ፣ ዳቦ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት እንጀራ ሲበላ የሚታመም ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ከምርመራው በፊት ግን ስንዴውን አያቁም። ካቆመ ምርመራው በሽታውን ሊስተው ይችላል።

ጽሑፉ የዘለለው ሌላ ነገር የኖርንበት አካባቢ ነው። ጣና ዳር፣ ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ሲዋኝ ያደገ ሰው ቢልሃርዝያ ሊኖርበት ይችላል። እንዶድ የበሽታውን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ትሉ ለዓመታት ሰውነት ውስጥ ይኖራል። ሆድ ቁርጠትና ደም ያለበት ተቅማጥ ያመጣል። ሲቆይ ጉበትን ጎድቶ ደም እስከ ማስመለስ ያደርሳል። ያንን ደም «የጨጓራ ቁስለት» ብሎ ማለፍ ከባድ ስሕተት ነው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ሐኪም ይህን ላያስብ ስለሚችል፣ የት እንዳደጋችሁ ራሳችሁ ንገሩት።

የአንጀት ቲቢም አለ። ክሮን ከሚባለው የአንጀት ቁጣ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበትን ቦታ ይወዳሉ። ለክሮን የሚሰጠው ስቴሮይድ ቲቢን ያነግሠዋል። ስለዚህ ናሙና ተወስዶ በጥንቃቄ መለየት አለበት። ክሮን «የፈረንጅ በሽታ» ነው የሚለውም አይሠራም። ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ እዚያ ዓመታት ከቆዩ በኋላ ይህ በሽታ እየታየባቸው እንደመጣ ያሳያሉ።

ከውጭ የሚላከውን «የምግብ አለመስማማት» ምርመራ በተመለከተ ባጭሩ፦ አይጂጂ የሚባለውን አንቲቦዲ ለክቶ ረጅም የተከለከለ ምግብ ዝርዝር የሚሰጥ ነው። ይህ አንቲቦዲ በአብዛኛው ምግቡን መብላታችሁን ነው የሚናገረው። የአሜሪካና የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ለዚህ እንዳይውል መክረዋል። ዘመዳችሁ ያንን ገንዘብ ለሰገራ አንቲጅን፣ ለአልትራሳውንድና ለውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ቀጠሮ ይላክላችሁ።

የቀረው የደሙ ጉዳይ ነው። «ኪንታሮት ነው፤ አትደንግጡ» ተብሏል። ብዙ ጊዜ ኪንታሮት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በአገራችን ወንዶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። እኛ ጋ ገና በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎችም ይያዛሉ። አብዛኞቹ ሆስፒታል የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ ብዙዎቹ በኪንታሮት ቅባት ወራት አባክነው። ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰርም ሊኖርበት ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ደም ያየ ሰው ሐኪም በጣቱ ይመርምረው፤ ሰገራው መልኩን ከለወጠ፣ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ደም ካነሰው ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ይደረግለት።

በሽሮውም በተልባውም ከጸሐፊው ጋር ተቀምጠን ልንከራከር እንችላለን። ይህችን ስለ ደም የተጻፈችውን መስመር ግን ከጽሑፋቸው ላይ ዛሬውኑ እንዲያወጧት እለምናቸዋለሁ።